የዳክዬዋ ከባድ ማርሽ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017

ዳክዬ ተመለሰች። ሸራ ተከናንባ በአይሱዙ መጣችና የጋሽ ዋቅጅራ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት በር ላይ ተጋግዘው አወረዷት። በየብስም በውኃም የምትሄደው ባለ ስድስት ጎማዋ ትንሽ መኪናችን። «መኪናችን» ብዬ ጻፍኩ እንዴ? አብረን ብንሠራትም የታዲዎስ መኪና ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቆማት ፊቷ ላይ የተለጠፈው የእሱ ስም ብቻ ነበር። እኔ ከጎብኚ ጋር ተሰልፌ ገብቼ ነው ያየኋት።

ታዲዎስ ራሱም ከኋላ ተከትሎ መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብሎ የጋሽ ዋቅጅራን ጉልበት ሳመ። ሁለታችንንም ሙያ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኔን ግን ከሩቅ «እንዴት ነሽ አምሳል» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ዝዋይ ሐይቅ ላይ እምቦጭ የሚያነሳ ማኅበር ዳክዬን ሊገዛት ነው። ችግሩ፣ እርጥብ አረም ጭና ከሐይቁ ስትወጣ ጭቃ ይይዛታል። ሞተሩ ያጓራል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ጎማው አይዞርም። ጉልበት እንዲኖራት ከባድ ማርሽ ይግባላት አለ።

ጋሽ ዋቅጅራ ወደ እኔ ዞሩ። ካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው አይከፍታትም። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

አሁን አወቅሁ። እግዜር ለዚህ ነው እሺ ያሰኘኝ።

ልኬት ልቀበለው ኦሎምፒያ ወደሚገኘው ቢሮው ሄድኩ። ከሥር ካፌው ውስጥ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቆሜ ጨዋታው እስኪያልቅ ስጠብቅ ሰማሁት።

«የድሮው ማርሽ የቶርኖ ቤቷ ሴትዮ ስህተት ነው። ማለቴ እጇ ጎበዝ ነው፣ ስሌት ላይ ግን በቃ፣ አይሆንላትም። አሁን እያረምኩት ነው።»

ሳቁ። አንደኛው «ሴት ልጅና ማርሽ» ብሎ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ታዲዎስ እሱንም ሳቀለት። ልኬቱን ሳልቀበል ወጣሁ። ወሎ ሰፈር እስክደርስ ዝናብ እየመታኝ እንደሆነ አላወቅሁም።

ሴትዮ! ሽማግሌ ልልክ ነው ይለኝ የነበረ ሰው።

ይኼን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል። ዳክዬ ውኃ ላይ የሚገፋት ሌላ ነገር የላትም፤ ጎማዋ እየቀዘፈ ነው የምትሄደው። ጎማው ፈጥኖ ካልዞረ ባለችበት ቆማ ትንሳፈፋለች። ያኔ መጀመሪያ የሠራሁላት ማርሽ ከባድ ነበር፤ ጉልበት አለው፣ ጎማውን ግን ቀስ አድርጎ ነው የሚያዞረው። ቢሾፍቱ ወስደን ውኃ ስናስገባት እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተገትራ ቀረች። ከጋሽ ዋቅጅራ ጋር ተመልሰን ማርሹን በቀላል ቀየርኩት፤ ጭቃ ላይ ትንሽ ብትደክምም ውኃ ላይ እንድትሄድ። ታዲዎስ የዚያን ሰሞን አልነበረም፤ ደሴ እናቱን ሊቀብር ሄዶ ነበር። ሲመለስ «አለቀ» ብቻ አልኩት። እናቱን የቀበረ ሰው በስሌት አይደበደብም ብዬ። ስህተት ያለው ይኼንን ነው።

ሐምሌ 8

መጣ። ትእዛዙን ሰጠ። የድሮው ማርሽ ይውጣ፣ ከባዱ ብቻ ይግባ።

«ከባዱ ብቻ?» አልኩት።

«ብቻ። ሁለት ማርሽ ለሹፌሮቹ ግራ ማጋባት ነው። በቃ፣ ጉልበት ይኑራት።»

ስለ ውኃው ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳው፣ በእጁ «ቆይ» አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁት። ሲጨርስ «እንዳዘዝክ» አልኩት። እንዲህ የሚጣፍጥ ቃል በአማርኛ መኖሩን አላውቅም ነበር። እንዳዘዝክ! ተንኮል አልሠራሁም፣ ብረት አላሳሳሁም፣ ቡሎን አላላላሁም። ያዘዘውን እሠራለታለሁ። ከዚያ መስከረም ላይ፣ ለማኅበሩ ሲያሳያት፣ በሰው ፊት፣ ሐይቅ መሐል ተገትሮ ይቀራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሐምሌ 11

ጋሽ ዋቅጅራ ከኋላዬ ቆመው ሥራዬን ያያሉ። ያቺ አሮጌ ኮታቸው፣ ኪሷ ውስጥ አሥራ ሦስት ቁጥር የቡሎን መፍቻ ቁልፍ። እድርም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄዱት አሥራ ሦስት ቁልፍ ይዘው ነው፤ «ዓለም ላይ ካለው ቡሎን ግማሹ አሥራ ሦስት ነው» ይላሉ። ግድግዳቸው ላይ ደግሞ ከየመኪናው የወጣ አሮጌ ማርሽ ሁሉ ተሰቅሏል። የነበረውን መጣል አይወዱም። «ማርሽ ይጨመራል እንጂ አይጣልም» የሚሉት ነገር አላቸው፤ እኔና ታዲዎስ ተማሪ ሳለን እንሳለቅበት ነበር።

«ለውኃውስ?» አሉኝ።

«አስቤበታለሁ ጋሼ።»

እውነቴን ነው። ከሱ ሌላ የማስበው የለኝም። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ለምን ዝም ብለው አመኑኝ? ትንሽ ቢጨቀጭቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 19

ሐምሌ ገብርኤል ነው። መንገዱ ሁሉ ነጠላ። ሥራ የለም።

እማዬ ጋ ኮንዶሚኒየሙ ዋልኩ። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ መስኮት ላይ ተቀምጣ የማታውቀውን ሰፈር ታያለች። ስለ ዳክዬ ስነግራት ማርሹን ትታ ልጁን ያዘች። «ያ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ አልነበር?» አለች። ጋሽ ዋቅጅራን ሊልክ ነበር አልኳት። «ታዲያ እሳቸው መንገዱ ጠፋቸው?» አለች።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አልወድም።

ነሐሴ 2

ኩሽኔታ ፍለጋ ሶማሌ ተራ። ሁለት ሱቅ የለም፣ ሦስተኛው የተበላ ሊሸጥልኝ። ዝናብ። ታክሲ የለም። ፒኞኑ፣ የማርሹ ትንሿ ጥርሳም ብረት፣ እንዲጠነክር ነገ እሳት ይገባል። ጥርሱ ጥሩ ወጣ። በጣም ጥሩ ወጣ።

ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ምን ያደርግለታል ይኼ ሁሉ ጥራት።

ነሐሴ 9

ካምቢዮው ተዘጋ። ከባዱ ማርሽ ገብቷል፤ በእጄ ሳዞረው ድምፅ የለውም።

የድሮውንም ቀላል ማርሽ መልሼ ከጎኑ አስገባሁት። ቦታ ተርፎ ነበር። ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከሚዝግ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። እጀታ አላወጣሁለትም። ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር አጭር ብረት ብቻ አለ፤ በቡሎን ቆልፌ ከባዱ ላይ አሰርኩት። ቡሎኑ ተፈቶ ብረቱ ከተገፋ ዳክዬ እንደ ድሮዋ ትቀዝፋለች። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

እንዲያውም ጥሩ ሆነ። ሐይቅ መሐል ሲቀር ለማን ይደውላል? ለእኔ። ያኔ እንዲህ እለዋለሁ፦ «ስልኩን ላውድ አድርገው። አጠገብህ ያሉት ይስሙ። የድሮው ማርሽ የማን ነበር? ስህተት ነበር ወይስ አልነበረም? የሠራችውስ ማን ናት?» አንድ በአንድ ከመለሰ በኋላ ስለ ቡሎኑ እነግረዋለሁ።

ቡሎን ሳጥኑ ውስጥ እጄ የገባው አሥራ ሦስት ቁጥር ነበር።

ነሐሴ 12

ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። እማዬ በስልክ ድምፄን ሰምታ «ምን ሆነሻል?» አለች። ምንም አልኳት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝና ዘጋችው። ማን ነገራት?

ነሐሴ 24

ዛሬ በጭቃ ሞከርናት። ታዲዎስ ባዶ ቦታ አስፈቅዷል፤ ሄጄ ሳየው ካዛንቺስ ነው፣ የኛ ሰፈር። ተደልድሎ ውኃ አቁሯል። የእኛ በር የቱ ጋ እንደነበር በአንዲት የቀረች የግራር ዛፍ ነው የለየሁት።

አሸዋ ጭነውባት ወደ ጉድጓዱ አስገቧት። እኔ ነኝ የነዳኋት። ከባዱ ማርሽ ሲይዝ ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ጭቃው እስከ ጎማው ወገብ ደርሷል፤ ዳክዬ ግን አልቸኮለችም፣ አላጓራችም፤ እንደ በሬ እየረገጠች ቀስ ብላ ወጣች። እማዬ ጎመን ተክላበት የነበረውን ቦታ አቋርጣ ወጣች። ጮህኩ መሰለኝ። ታዲዎስ በጭቃው ሮጦ መጣ፤ እንደ ዱሮው ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ ትከሻዬን መታኝ።

«አምሳል፣ አንቺ እኮ...» አለ።

ጠበቅሁት። እጁ ትከሻዬ ላይ ነው። ቢጨርሰው ኖሮ ሁሉንም እነግረው ነበር፤ ቡሎኑን፣ ውኃውን፣ ቢሾፍቱን። አልጨረሰውም። ስልኩን አውጥቶ ዳክዬን ፎቶ አነሳት። ፎቶው ውስጥ እንዳልገባ ወደ ጎን እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

እሺ። ወደ ጎን ብያለሁ።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። ልጆቹ ሩፋኤል ነው ብለው ራቁታቸውን ይጨፍራሉ።

የምናገረውን በልቤ ደጋግሜ አጠናሁት። «ላውድ አድርገው» ስል ድምፄ መንቀጥቀጥ የለበትም። ለእንጀራዬ እንኳ እንዲህ ተዘጋጅቼ አላውቅም።

መስከረም 9

ዳክዬ ማታ ተጭና ሄደች። ነገ ዝዋይ ናት። ስልኬን ቻርጅ አደረግሁ። ሞላ። ደግሜ ሰካሁት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10፣ ረፋድ

ሲፋን ደወለች። የጋሽ ዋቅጅራ ልጅ ናት፤ አባቷን የምትጦር እሷ ናት። «አባዬ እናንተ ጋ ነው?» አለችኝ። አይደሉም አልኳት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። ታዲዎስ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ይዟቸው ሄዷል። ሊመርቁለት። እንዴት ረሳሁት? ከዚህ ቤት የወጣ ሥራ እሳቸው እጃቸውን ጭነው ሳይመርቁት፣ መጀመሪያም እሳቸው ሳይቀመጡበት ተነድቶ አያውቅም። እኔ ራሴ ምን ሠርቼ ሳይመረቅ ወጥቶልኛል?

ኮታቸውን ለብሰዋል አለች። ስልካቸው እቤት ነው።

ለታዲዎስ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደገምኩ፤ እሱ ነው የዘጋብኝ። ልጨቀጭቀው የደወልኩ መስሎታል። መልእክት ጀመርኩ፦ «ታዲዎስ ከመቀመጫው ሥር» ብዬ ጽፌ ቆምኩ። የተጻፈ ነገር ይቀራል፣ ለሰው ይታያል። አጠፋሁት። ደግሜ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። አሁን ብጽፍለትም አያየውም። አያየውም፣ ስለዚህ አልጻፍኩም።

ጋሼ ዋና አይችሉም።

ማታ

ተርፈዋል። ተርፈዋል። ሲፋን ናት የነገረችኝ፣ እሷም ከአባቷና ከታዲዎስ አፍ ሰምታ።

ጋሼ ሐይቁ ዳር እጃቸውን ዳክዬ ላይ ጭነው መረቁ፤ ከዚያ ከታዲዎስ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ከኋላ። አረም ጭና ከጭቃው ስትወጣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ውኃ ገባች። ነፋስ ስላልነበረ እየተጎተተችም ቢሆን ራቀች፤ ታዲዎስ «አዲስ ስለሆነች ነው» አላቸው። መመለስ ሲጀምሩ የቀትር ነፋስ ተነሳ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይንፏቀቃል፣ ነፋሱ ወደ መሐል ይነዳቸዋል። ማዕበሉ በጠርዟ እየዘለለ ይገባ ጀመር። አንዱ ሰውዬ ጫማውን አወለቀ፤ ሌላው ማርያምን ይጠራል። ታዲዎስ ነዳጁን ከመርገጥ በቀር የሚያደርገው ጠፋው።

ጋሼ «ቀላሉን ማርሽ አስገባ» አሉት። የለም፣ አስወጥቼዋለሁ አላቸው። «አምሳል ማርሽ አትጥልም» ብለው ወለሉ ላይ በገባው ውኃ ውስጥ በደረታቸው ተኙ። በሰባ ምናምን ዓመታቸው። ከመቀመጫው ሥር በእጃቸው ሲዳስሱ ቡሎኑን አገኙት። ከኮታቸው አሥራ ሦስት ቁልፋቸውን አወጡ፣ ፈቱት፣ ብረቱን ገፉት። ዳክዬ እየቀዘፈች ወጣች።

ዳር ላይ ሁሉም ሲጯጯህ ምን አሉ? «ነግራኝ ነበር። ለታዲዎስ ይንገሩት ብላኝ ረሳሁት። እርጅና ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሲፋን ይኼንን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። «አባዬ መርሳት ጀመረ» አለችኝ። እኔ «አይዞሽ» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

መስከረም 14

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ብርድ መቷቸው ተኝተዋል። ሲፋን ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ጠጋ አልኩ።

«ለምን ዋሹልኝ ጋሼ? ምንም አልነገርኩዎት።»

«አንደበትሽ አልነገረኝም» አሉ። «ቡሎኑ ግን አሥራ ሦስት ነበር።»

መውጫዬ ላይ ኮታቸውን በሩ ኋላ ፈለግሁት፤ የለም።

መስከረም 19

ኮታቸውን የደበቀችው ሲፋን ናት። የቶርኖ ቤቱንም ቁልፍ ይዛለች። ታዲዎስ ብርቱካን ይዞ መጥቶ መክሯት ነው፦ ዕድሜ ነው፣ ከማሽን ይራቁ፣ አንድ ቀን እጃቸውን ይበላቸዋል። በትሕትና ነው የተናገረው አሉ። ጋሼ አልተከራከሩም፤ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው መንገደኛ ያያሉ። ሐምሳ ዓመት የቆሙበት ቶርኖ ተቆልፎባቸዋል። ባምቢስ ጋ ያለው ዕቃ ሻጭ እንኳ «ሽማግሌው ልባቸው ጠፋ አሉ» አለኝ። ደንበኛ ሥራውን ወደ ሌላ ቤት እየወሰደ ነው።

ታዲዎስስ? ማኅበሩ ዳክዬን ገዛ። «ሁለት ማርሽ አላት፣ ከባዱ ለጭቃ፣ ቀላሉ ለውኃ» እያለ ለሰው ያስረዳል። ሐሳቡ የሱ ሆኗል! ተበቅዬ አረፍኩ። የተበቀልኩት ግን ማንን እንደሆነ ይኸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ሰው ውኃ ውስጥ ልትከት የነበረች ሴትዮ።

አሁን በእርግጥም ሴትዮ ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ታዲዎስ ምሳ ጋበዘ። ኦሎምፒያ፣ ያ ካፌ፣ ያው ጠረጴዛ። የማኅበሩ ሰዎች አሉ፣ ሲፋን አለች፣ እኔም ተጠርቻለሁ። ጋሼ «ደክሞኛል» ብለው ቀሩ።

ሲጠግቡ ታዲዎስ የሐይቁን ታሪክ አነሳ። አሁን ቀልድ አድርጎታል። «ጋሽ ዋቅጅራ መርቀውን ሊያሰምጡን ነበር» አለ። ሳቁ፤ ሐምሌ ላይ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሲፋን አቀርቅራ ከሹካዋ ጋር ትታገላለች።

ተነሳሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ጋሽ ዋቅጅራ አልረሱም» አልኩ። «አልነገርኳቸውም። ከባዱ ማርሽ ብቻውን ውኃ ላይ እንደማይሄድ አውቅ ነበር፤ ታዲዎስ ሲያዘኝ ዝም ብዬ ሠራሁለት። ሆን ብዬ ነው። እሳቸው የዋሹት ለእኔ ብለው ነው።»

ጫማውን አውልቆ የነበረው ሰውዬ ወደ ታዲዎስ ዞረና መኪናውን የሸጥክልን አንተ ነህ፣ አታውቅም ነበር ወይ አለው። ታዲዎስ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እኔ ማርሹን አልነካሁም» አለ። «የድሮውንም የሠራችው እሷ ናት፣ አዲሱንም እሷ ናት። ስሌቱም የሷ ነው፣ ሁሉም ነገር የሷ ነው። እኔ የለሁበትም።»

ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረልኝ። አንጀቴ ይርሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልራሰም። ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ሲፋን ተከተለችኝ፤ ትሰድበኛለች ብዬ ቆምኩላት። እሷ ግን አልፋኝ ወደ ቤቷ መንገድ ሮጠች።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ጠዋት ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። በሩ ተከፍቷል። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ቶርኖው አጠገብ ቆመዋል፤ ኪሳቸው እንደ ድሮው ከብዶ ወደ አንድ ጎን ዘንብሏል። ደህና አደሩ አልኳቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቶርኖውን መጥረግ ያዙ። እንዲህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። የመሣሪያ ሳጥኔን አንስቼ በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

ማኅበሩ ደውሎ ነበር። ሴትዮዋ መኪናችንን ዳግመኛ እንዳትነካ ብለዋቸዋል። ጋሼ ግን «ከእሷ ሌላ የሚያውቃት የለም» ብለው መልሰውላቸዋል፤ እሳቸው ቆመው እያዩኝ እንድሠራት ተስማምተዋል።

አንድ ዘንግ ብረት አነሱና ቶርኖው ላይ አኖሩልኝ።

«ለቀላሉ ማርሽ እጀታ ሥሪለት» አሉ። «ረዥም ይሁን። የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያየው።»

ስሠራ ዋልኩ። ጫፉን ቀይ ቀባሁት።